በ10 ፓውንድ የተገዛው ሣር ክዳን

በእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ አቅራቢያ፣ ከክሚር በሚባል ወንዝ ዳር፣ አልፍሪስተን የምትባል መንደር አለች። መንደርተኛው «ታይ» በሚለው መስክ ላይ የቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ከእሱ ጥቂት እልፍ ብሎ ክዳኑ ከግድግዳው የሚገዝፍ አንድ አሮጌ ቤት ይታያል። ግድግዳው የኦክ እንጨት ቋሚና አግዳሚ ተሰካክቶ በመሀሉ ጭቃ የተመረገበት ነው። ክዳኑ ሣር ነው። ከአናቱ ሾጥጦ ይወርድና የግድግዳውን እኩሌታ ሊሸፍን ምንም አይቀረው።

ይህ የአልፍሪስተን የካህን ቤት ነው። የተሠራው በ14ኛው መቶ ዘመን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1896 በ10 ፓውንድ ተሸጠ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዋጋው እንዲያ የወረደው ሻጩ ለጋስ ሆኖ አይደለም። ቤቱ ሊወድቅ ያዘመመ ስለነበር ቢፈርስ የሚቆጭለት አልነበረም። ለዘመናት የጭሰኛና የቀን ሠራተኛ መኖሪያ ሆኖ፣ ተከፋፍሎና ተጎሳቁሎ ቆይቷል። የአጥቢያው ቄስ ኤፍ. ደብሊው. ቤይነን ግን አላስችል አላቸው። የጥንት ሕንፃዎችን ከመፍረስ ለመታደግ የተቋቋመውን ማኅበር ደጅ ጠኑ፤ ቀጥሎም ገና አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ያልሞላውን ናሽናል ትረስትን ለመኑ።

ናሽናል ትረስት ያኔ ስም እንጂ ሀብት አልነበረውም። በጥር 1895 የመሠረቱት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ በለንደን ድሆች ቤት ላይ ስትደክም የኖረችው ኦክታቪያ ሂል፣ የሕግ ባለሙያው ሮበርት ሃንተርና ቄሱ ሃርድዊክ ሮውንስሊ። ማኅበሩ በመጀመሪያ ያገኘው ንብረት ዌልስ ውስጥ በስጦታ የተሰጠው ገደላማ መሬት ነበር። በገንዘቡ የገዛው የመጀመሪያው ሕንፃ ግን ይኸው የካህን ቤት ነው። ዛሬ ማኅበሩ ከአምስት ሚሊዮን በላይ አባላት አሉት፤ የመሳፍንት ቤተ መንግሥቶችንም ያስተዳድራል። ጅማሬው ግን ከመስፍን ቤት አልነበረም፤ ከጭቃና ከሣር ነበር። ይህን ነገር ደጋግሜ ባነሣው አይሰለቸኝም፤ ቅርስ ሲባል የድንጋይ ግንብ ብቻ የሚታየው ሰው ብዙ ነውና።

ቤቱ ሲጠገን ኦክታቪያ ሂል የተጨነቀችው ጥገናው እንዳይበዛ ነበር። በዚያ ዘመን «ማደስ» ማለት አሮጌውን ፍቆ፣ ቀርፎና ቀይሮ፣ መካከለኛው ዘመን ይመስላል ተብሎ የታሰበውን አዲስ ነገር መትከል ነበር። ብዙ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያኖች በዚህ ዓይነት እድሳት ጥንታዊ መልካቸውን አጥተዋል። ዊሊያም ሞሪስ በ1877 የጥንት ሕንፃዎች ማኅበርን ያቋቋመው ይህንኑ ለመቃወም ነው። የካህኑን ቤት የጠገነው አርክቴክት አልፍሬድ ፓወልም የዚያ ማኅበር አስተሳሰብ ሰው ነበር፤ የሚቆመውን አቆመ፣ የሚደገፈውን ደገፈ፣ የቀረውን ተወው።

በዚህ ምክንያት ዛሬ ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው የሚያየው አዳራሽ ብዙውን ጥንታዊ ነገር እንደያዘ ነው። ኮርኒስ የሚባል ነገር የለም፤ ቀና ሲሉ ወራጅና ማገሩ እስከ አናቱ ድረስ ይታያል። ወለሉ ተደቅድቆ የተጠቀጠቀ ጠመኔ ነው፤ የተለሰነውም በኮመጠጠ ወተት ነው። ከማዕዘኑ አንድ እንጨት ላይ የኦክ ቅጠል ተቀርጿል። የናሽናል ትረስት ዓርማ የሆነው የኦክ ቅጠል ከዚህ የተቀዳ ነው የሚሉ አሉ፤ ዓርማው የተሣለው ግን በ1936 ስለሆነ አፈ ታሪኩን ማረጋገጥ አይቻልም። ለጎብኚ ሲነገር ግን ያምራል።

ጥቀርሻ ያቆየው ስንዴ

እንዲህ ያለ አዳራሽ ሲሠራ የጭስ ማውጫ አይሠራለትም ነበር። እሳቱ ወለሉ መሀል ይነድዳል፤ ጭሱ ወደ ላይ ወጥቶ ክዳኑ ውስጥ ይንከራተትና ባገኘው ቀዳዳ ይወጣል። ጎጆ ቤት ያደገ አንባቢ የቀረውን ያውቀዋል፦ ወራጁ ይጠቁራል፣ ሣሩ ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ነቀዝና ምስጥም ከዚያ ጣራ ይሸሻል።

የእንግሊዝ ሣር ክዳን ሲያረጅ ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይነሣም። ከላይ የበሰበሰው ይገፈፍና አዲሱ ንብር በአሮጌው ላይ ይሰካል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ ይታከልበታል። ከአንድ ሜትር በላይ የወፈረ ክዳን የተሸከሙ ቤቶች አሉ። የመጨረሻው ንብር፣ ማለትም ከወራጁ ጋር የተጣበቀው፣ በአንዳንድ ቤቶች ቤቱ ሲሠራ የገባው ራሱ ነው።

ጆን ሌትስ የተባለ የጥንት ዕፀዋት ተመራማሪ በ1990ዎቹ ይህን የጠቆረ ንብር ማጥናት ጀመረ። በደቡብ እንግሊዝ፣ በተለይም በዴቨን፣ እንዲህ ያለ ክዳን ያላቸው ከ200 በላይ ቤቶች መኖራቸው ታወቀ። ከእያንዳንዱ ሲመዘዝ የወጣው ነገር አስገራሚ ነበር። ከ500 ዓመት በፊት የታጨደ ስንዴ፣ አጃና ገብስ ዛላው ከአገዳው ሳይለይ፣ አብሮት ከበቀለው አረም ጋር ተገኘ። በሌላ ቦታ አርኪዮሎጂስት ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው የከሰለ ፍሬ ነው። እዚህ ግን ሙሉ ተክሉ፣ ከታጨደበት ጉጥ እስከ ዛላው ጢም፣ ጥቀርሻ ጠብቆት ቆየ።

አንዱን እፍኝ ቀረብ ብሎ ለሚያይ የሚገለጠው ነገር አለ። አገዳዎቹ እኩል አይደሉም፤ አንዱ ከሌላው በክንድ ይረዝማል። ዛላውም አንድ ዓይነት አይደለም፤ ጢማምና ጢም የሌለው፣ ቀይና ነጭ ተደባልቋል። ያ ገበሬ የዘራው አንድ የተመረጠ ዘር አልነበረም፤ ብዙ ዓይነት በአንድ ማሳ ነበር። ድርቅ ሲመጣ አንዱ ይጸናል፣ ዋግ ሲመጣ ሌላው ይተርፋል። ይህን የሚመሰክር የጽሑፍ ሰነድ እንግሊዞች እምብዛም የላቸውም፤ ማስረጃው ጣራቸው ላይ ነው የተገኘው።

ስለዚህ ቤት ሠሪው «አሮጌውን ሣር ጠራርጌ ላውርድና በንጹሑ ልጀምር» ሲል፣ የአካባቢው መስተዳድር የቅርስ መኮንን እጁን የሚይዘው ያለ ነገር አይደለም። አንድ ቀን ሙሉ በአካፋ የሚጣለው ጥቁር ቆሻሻ የአንድ አገር የእርሻ መዝገብ ሊሆን ይችላል።

ከዳኙና ስንዴው

ሣር ክዳን ውኃን የሚመልሰው ውኃ ስለማይገባው አይደለም። ሚስጥሩ ያለው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ጣራው ወደ 50 ዲግሪ ያህል ሾጥጦ ከተሠራ፣ ጠብታው ከአንዱ አገዳ ጫፍ ወደ ቀጣዩ እየተቀባበለ ይወርዳል፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ አርሶ ከክፈፉ ራቅ ብሎ ይንጠባጠባል። አሸንዳ የለውም። ቁልቁለቱ ከላላ ግን ሣሩ ውኃ አቁሮ ይበሰብሳል፤ የፈለገውን ያህል ጎበዝ ከዳኝ ቢሠራውም አይረዳም።

ማቴሪያሉ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ በምሥራቅ፣ በኖርፎክ ረግረግ የሚበቅለው ሸምበቆ ነው፤ በክረምት ቅጠሉ ሲረግፍ ይታጨዳል፣ ከሁሉም ይበረክታል። ሁለተኛው በዴቨንና በዶርሴት የተለመደው ተበጥሮ ጫፉ እኩል የተደረገ የስንዴ አገዳ ነው። ሦስተኛው «ሎንግ ስትሮ» የሚባለው፣ ከተወቃ በኋላ ጫፍና ግርጌው ተደባልቆ የሚከደን የስንዴ አገዳ ነው፤ ጣራው ላይ ሲያዩት እንደ ጸጉር ተንጨባርሮ ይታያል። ሸምበቆ ሃምሳ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል፤ የመጨረሻው ግን ብዙውን ጊዜ ከሃያ አምስት ዓመት አያልፍም። የጣራው አናት ደግሞ በየትኛውም ዓይነት በየአሥር ወይም በየአሥራ አምስት ዓመቱ መታደስ አለበት።

ከዳኙ ከመሰላል ላይ የሚያሳልፈው ጊዜ ረጅም ነው፤ ሥራው ግን ከታች፣ በክረምት ይጀምራል። ሔዝል የተባለውን ቁጥቋጦ ይቆርጣል፤ ቅርንጫፉን በቢላ ለአራት ወይም ለስድስት ይሰነጥቃል፤ ሁለቱን ጫፍ በሦስት ምት ያሾለዋል። ጣራው ላይ ሲወጣ ያንን እንጨት በሁለት እጁ ይይዝና መሀሉን እንደ ገመድ ጠምዝዞ ያጥፈዋል። ጠምዝዞ ካላጠፈው ይሰበራል። ሲጠመዘዝ ግን ጭረቱ ይለያይና ይታዘዛል፤ እንደ ጸጉር መያዣ ሆኖ በመዳፍ ተመትቶ ሣሩ ውስጥ ይገባል። ለአንድ ጣራ ይህ በሺዎች ጊዜ ይደገማል። ሲጠናቀቅ አንዱም አይታይም፤ ከአናቱ ላይ ለጌጥ ከሚደረደሩት በስተቀር። አንዳንድ ከዳኝ ሲጨርስ ከሣር ወፍ ወይም ቀበሮ ሠርቶ ጣራው አናት ላይ ያስቀምጣል። እኔ በበኩሌ ቀበሮውን ትርፍ ነገር ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ባለቤቶቹ ግን ይወዱታል።

ሙያው ዛሬም አለ። በእንግሊዝ ያሉት ሣር ክዳን ቤቶች ብዙ ጊዜ ወደ 60,000 ይገመታሉ፤ እነዚህ ሁሉ በየጊዜው ከዳኝ ይፈልጋሉ። የጠፋው ከዳኙ ሳይሆን አገዳው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዘር አሻሻዮች ፍሬ የሚበዛለት፣ አገዳው ግን አጭር የሆነ ስንዴ አወጡ፤ ረጅሙ ማዳበሪያ ሲበዛበት ይጋደማልና። ኮምባይነሩም መጣ፤ አገዳውን ሰባብሮ ጭድ አድርጎ ይተፋዋል። ለክዳን የሚሆን አገዳ ረጅም፣ ጠንካራና ያልተሰበረ መሆን ስላለበት ከእነዚህ ከሁለቱም አይገኝም። ዛሬ ለክዳን ብለው የሚዘሩ ጥቂት ገበሬዎች እንደ ማሪስ ዊጀን ያለ የ1960ዎቹ ዝርያ ይዘራሉ፤ ማዳበሪያ ይቆጥባሉ፤ የሚያጭዱትም ነዶ እያሠረ በሚሄድ የአያቶቻቸው ማጨጃ ነው። ለእሱ መለዋወጫ ካልተገኘ ራሳቸው ይቀጠቅጣሉ። የአጨዳው ወቅት ዝናብ ከበዛበት ደግሞ ሰብሉ ይወድቅና የዓመቱ ክዳን ሥራ ይስተጓጎላል። ሸምበቆውም ቢሆን የአገር ውስጡ ስለማይበቃ አብዛኛው ከቱርክ፣ ከሃንጋሪ፣ ከሩማንያ፣ ከዩክሬንና ከቻይና ይመጣል።

በ1990ዎቹ የተነሣው የከዳኞችና የቅርስ መኮንኖች ጠብ መነሻው ይኸው ነው። መኮንኑ «በዚህ አውራጃ ክዳኑ የስንዴ አገዳ ነበር፤ በስንዴ አገዳ ይቀጥል» ይላል። ከዳኙ «ያመጣህልኝ አገዳ በአሥር ዓመት ይበሰብሳል፤ በሸምበቆ ልክደነው» ይላል። ባለቤቱ መሀል ቆሞ ሒሳቡን ያሰላል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ጠቡ ግን ሊፈታ የሚችለው ጣራው ላይ አይደለም፣ ማሳው ላይ ነው።

መዝገቡ

እንግሊዝ ሕንፃን በሕግ መጠበቅ የጀመረችው ቀስ ብላ ነው። የ1882ቱ ሕግ የተመለከተው በአብዛኛው ጥንታዊ የድንጋይ ክምሮችንና መቃብሮችን ነበር፤ ሰው የሚኖርበትን ቤት አልነካም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ቦምብ ከተሞችን ሲያፈርስ፣ ከተመቱት ውስጥ የትኛው ሊድን እንደሚገባው ለማወቅ ዝርዝር ማዘጋጀት ግድ ሆነ። ከዚያ ልምድ በኋላ የ1947ቱ የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ ወጣ፤ መርማሪዎችም በየመንደሩ እየዞሩ መመዝገብ ጀመሩ።

ዛሬ መዝገቡ ላይ የሰፈሩት ግቤቶች ወደ 380,000 ይደርሳሉ። አንደኛ ደረጃ የሚባለው ከመቶ ሁለት ተኩል ያህሉን ይይዛል፤ «ሁለተኛ ከኮከብ ጋር» ከመቶ ስድስት ያህል፤ የቀረው፣ ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው፣ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ከ1700 በፊት ተሠርቶ መልኩን ያልለወጠ ቤት ሁሉ ይመዘገባል ማለት ይቻላል። ገጠር ያለው ሣር ክዳን በአብዛኛው ሁለተኛ ደረጃ ውስጥ ይገኛል፤ አንደኛ ደረጃ የደረሱም አሉ፤ ሾተሪ ያለው የሼክስፒር ሚስት የአን ሃታዌይ ቤት አንዱ ነው።

መዝገቡ ውስጥ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቅርብ የሆነ ስምም አለ። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመናቸው ከ1936 እስከ 1940 የኖሩበትና በ1958 ለባዝ ከተማ ያበረከቱት ፌርፊልድ ሃውስ በዚሁ ሕግ ይጠበቃል። ጣራው ሣር አይደለም፤ ሕጉ ግን ያው ነው።

ሕጉ የሚነካው የፊት ለፊቱን መልክ ብቻ አይደለም። ደረጃው፣ በሩ፣ የምድጃው ድንጋይ፣ ከ1948 ሐምሌ በፊት በግቢው ውስጥ የተሠራው ጎተራና አጥር ሳይቀር አብሮ ይመዘገባል። የባለቤቱ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ማንም ሰው ተነሥቶ «ይህ ቤት ይመዝገብ» ብሎ ማመልከት ይችላል። ባለቤቱ መኖር፣ ማከራየት፣ መሸጥ ይችላል። የቤቱን ባሕርይ የሚለውጥ ነገር መሥራት ሲፈልግ ግን ከአካባቢው መስተዳድር ፈቃድ ማግኘት አለበት። ሳይፈቀድለት ያፈረሰ ወይም የለወጠ ሰው የሚጠየቀው በወንጀል ነው፤ ገደብ የሌለው መቀጮ ወይም እስከ ሁለት ዓመት እሥራት ያገኘዋል። ቤቱን ሆን ብሎ እንዲወድቅ ለተወ ባለቤት ደግሞ መስተዳድሩ ራሱ ጠግኖ ሒሳቡን ሊልክለት ይችላል።

እሳት ሌላው ስጋት ነው። ለንደን በ1212 ከደረሰባት ቃጠሎ በኋላ አዲስ ሣር ክዳን ከልክላለች። በቴምዝ ማዶ የነበረው የሼክስፒር ግሎብ ቲያትር በ1613 በትርኢት መሀል የተተኮሰ መድፍ ሣሩን አቀጣጥሎት ነደደ፤ በእሱ አምሳል የተሠራው አዲስ ቲያትር በ1997 ሲከፈት፣ ከ1666ቱ ታላቅ ቃጠሎ ወዲህ በለንደን የተፈቀደ የመጀመሪያው ሣር ጣራ ሆነ። የአን ሃታዌይ ቤትም በ1969 ተቃጥሎ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። በገጠር ቤቶች እሳቱ ባብዛኛው የሚነሣው ከጭስ ማውጫው ነው፤ በተለይ በቅርቡ ፋሽን ከሆነው የእንጨት ምድጃ። የመድን ኩባንያዎችም ዋጋቸውን በዚያው ልክ ይሰቅላሉ።

ድህነት ውድ ሲሆን

በ19ኛው መቶ ዘመን ባቡር ስሌት የሚባለውን የዌልስ የክዳን ድንጋይ በርካሽ ወደየመንደሩ ሲያደርስ፣ ሣር ክዳን የድህነት መታወቂያ ሆነ። አቅም ያገኘ ሁሉ አወረደው፤ በአገራችን ገጠር ቆርቆሮ ሲገባ እንደሆነው። የተረፉት ባለቤታቸው አቅም ያጣባቸው ቤቶች ነበሩ። የዛሬዎቹ ውብ የፖስታ ካርድ መንደሮች ውበታቸውን ያገኙት ገንዘብ ረስቷቸው ስለነበር ነው፤ ይህን የሚናገር የጉብኝት መጽሔት አላጋጠመኝም። አሁን ደግሞ እነዚያው ቤቶች የሀብታም መዝናኛ ሆነዋል፤ የገበሬው የልጅ ልጅ በተወለደበት መንደር ቤት መግዛት አልቻለም።

ሕጉን በጥቅሉ እደግፋለሁ። ያለ እሱ የካህኑን ቤት የመሰሉ ብዙዎች ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ይሆኑ ነበር። ነገር ግን አንድ የማይዋጥልኝ ነገር አለው። መንግሥት ባለቤቱን «ሣሩን ብታወርድ ትታሠራለህ» ይለዋል፤ የሣሩን ዕዳ ግን በአብዛኛው ለብቻው ያሸክመዋል። ናሽናል ትረስትን የመሰለ ሚሊዮን አባላት ያሉት ማኅበር ወጪውን ይችለዋል። በጡረታ የሚኖር የሁለተኛ ደረጃ ቤት ባለቤት ግን በሃያ አምስት ዓመት አንዴ ለሚመጣው ክዳን ከየት ያምጣ? እስከ 2012 ድረስ ቢያንስ ፈቃድ ያገኘ የማሻሻያ ሥራ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ነበር፤ በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ያም ቀረ። ጥገናው ድሮም ነፃ ሆኖ አያውቅም።

ስለዚህ ዛሬ በእንግሊዝ የ500 ዓመት ሣር ክዳኑን የሚያስጠግን ሰው 20 በመቶ ታክስ ይከፍላል። አሮጌ ቤት የሌለው፣ በባዶ መሬት ላይ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው የሚከፍለው ዜሮ ነው።